ይዞ የማይለቅ ፍሬን

ልጄ፣ ትናንት ከመኪናህ በፊት የደረሰኝ ሽታው ነው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬ አይስተውም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከመሪና ከቁልፍ ጋር ነው። አንተ መስኮቱን ዘግተህ፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርገህ ከሸዋ በር ወዲህ መጣህና፣ «አባባ፣ ይቺ ኮሮላ ከበደችኝ፤ ነዳጅም እንደ ውሃ ትጠጣለች» አልከኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥህ ከብርጭቆዬ ጠብታ ውሃ በጣቴ ወስጄ የፊት ቀኝ ቸርኬ ላይ ጣል አደረግሁ። «ጭስስ» አለ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያ ብረት ከዚያ አልፎ ግሏል ማለት ነው። የግራውን ስነካው ግን ለብ ብሎ ብቻ አገኘሁት። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም፤ የቀኙ ካሊፐር ነክሷል።

«ጋራዥ ልውሰደው ወይስ እቤት ልፍታው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። በአፌ ብነግርህ ግማሹን ሰምተህ ግማሹን ከራስህ ትጨምራለህ፤ ፍሬን ደግሞ ግማሽ ሥራ አይወድም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ካነበብክ በኋላ እቤት ልትሠራው ትችላለህ፤ ሳታነብ ግን ቁልፍ አታንሳ።

አስቀድመህ አንድ ነገር ያዝ። ሰው ስለ ፍሬን ሲያስብ ማቆሙን ብቻ ያስባል። ፔዳሉን ረግጦ መኪናው ከቆመለት «ፍሬኔ ጤነኛ ነው» ይላል። ፍሬን ግን ሁለት ሥራ አለው፤ መያዝም መልቀቅም። የማይዝ ፍሬን ወዲያው ያስደነግጥሃልና ትጠነቀቃለህ። የማይለቅ ፍሬን ግን ቀስ እያለ ነው የሚበላህ፤ መጀመሪያ ነዳጅህን፣ ቀጥሎ ሸራህን፣ ከዚያ ዲስክህንና ኩሽኔታህን፣ በመጨረሻም ዘይቱን አፍልቶ፣ ይይዝልሃል ያልከውን ፔዳል ራሱን። ዛሬ የማይለቀው ነገ የማይዝ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ በታች የምነግርህ ሁሉ የመልቀቅ ነገር ነው።

ይህን እኛ የተማርነው ከፔጆ ነው። አንተ የምታውቃት ምናልባት በፎቶ ይሆናል። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ የወጣች፣ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈላት መኪና ናት። በምሥራቅ አፍሪካው የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ ወጥታለች፤ አቧራና ጉድጓድ እንደማይበግራት ያስመሰከረችው እዚያ ነው። በአገሯ መሠራቷ ካበቃ በኋላ እንኳ እኛ ዘንድ ታክሲ ሆና ለአሥርት ዓመታት ኖረች። ወደ ከተማችን የመጣ እንግዳ ጅቡንና ግንቡን አይቶ፣ ፔጆዎቹን ፎቶ ሳያነሳ አይሄድም ነበር። ያን ያህል የኖሩት መለዋወጫ ሞልቶ ተትረፍርፎ አልነበረም። ሾፌሮቻቸው ጎማውን ራሳቸው እየፈቱ፣ አጥበውና አይተው፣ ሲያመውም ሳይብስበት ስለሚደርሱበት ነው። መኪና ግርግር በምንለው ጎዳና ያሉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸው ላይ ዘይት ጠብ ሳያደርጉ መስፋት እንደማይጀምሩት ሁሉ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ 404ቶች በአራቱም እግር ታምቡር ነበራቸው፤ የኋለኞቹ ከፊት በዲስክ መጡ። ታምቡሩን ፈትተን የኖርን ሰዎች ካሊፐር ሲመጣ «ይቺማ ቀላል ናት» ብለን ነበር። እውነትም ቀላል ናት፤ ግን ንጽሕና ትወዳለች።

ለምን እንደማስጨንቅህ በቁጥር ላሳይህ። ከዚህ ተነስተህ በአወዳይና በሐረማያ አልፈህ ደንገጎ ስትደርስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሐረር ጋር ያላት ልዩነት 700 ሜትር ያህል ነው። ከነተሳፋሪዋ 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና ይህን ያህል ስትወርድ የምታወጣው ጉልበት ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር፣ 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። አንድ ሙሉ ቢጫ ጀሪካን! ከዚህ ውስጥ ነፋሱና ሞተሩ ካልተካፈሉህ ቀሪውን የሚሸከሙት ዲስኮችህና ታምቡሮችህ ናቸው። አንዱ ካሊፐር ከነከሰ ያ እግር ቁልቁለቱ ሳይጀመር ግሎ ነው የሚደርሰው።

የሚፈላው ደግሞ ዘይቱ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይታገሣል። ነገር ግን የፍሬን ዘይት ውሃ ይወዳል፤ ከአየሩ ላይ እርጥበት እየሳበ ይጠጣል። ውሃ ሲገባበት የዶት 3 ትዕግሥት ወደ 140፣ የዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጥ እግርህ እስከ ወለሉ ይሄዳል፤ መኪናው ግን መንገዱን ይቀጥላል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ይህን መማር አትፈልግም።

አሁን ወደ ካሊፐሩ እንግባ። ካሊፐር ዲስኩን ከሁለት ወገን እንደሚጨብጥ መዳፍ ነው። በአንተ ኮሮላ ላይ ያለው ዓይነት ፒስተኑ አንድ ነው፤ በውስጥ በኩል ተቀምጦ የውስጡን ሸራ ይገፋል፣ የካሊፐሩ አካል ደግሞ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጭውን ሸራ ይስባል። ፔዳሉን ስትለቅ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ምን ይመስልሃል? ብዙ ሰው «ሞላ አለው» ይላል፤ ሞላ የለውም። ፒስተኑን የከበበው ጎሚኒ ነው የሚመልሰው። ስትረግጥ ጎሚኒው ከፒስተኑ ጋር ትንሽ ይጠመዘዛል፤ ስትለቅ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ይስበዋል። የመልቀቁ ሥራ በሙሉ በዚያች የጎማ ቀለበት ጉልበት ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ ፒስተኑ ላይ ትንሽ ዝገት ሲበቅል፣ ወይም ዘይቱ አርጅቶ ዝቃጭ ሲሆን፣ ያቺ ቀለበት ምን አቅም አላት? እግርህ በመቶ ኪሎ ጉልበት የገፋውን፣ እሷ በጣት ጉልበት ልትመልሰው አትችልም።

ዝገቱ የሚገባው ከውጭ ነው። ፒስተኑን ከአቧራ የሚከልለው የላስቲክ ሽፋን ሲቀደድ ክረምት ጭቃና ውሃ፣ በጋ አቧራ ይገባበታል። ከውስጥ ደግሞ ዓመታት ያልተቀየረ ዘይት የጠጣው ውሃ ብረቱን ይበላዋል። ብዙ ቀን የቆመች መኪና ይበልጥ ትነክሳለች። አንተም ይቺን ኮሮላ ስትገዛ «ብዙም አልተነዳችም» ብለው አሞግሰውልሃል፤ ለካሊፐር ይህ ሙገሳ አይደለም።

ከመፍታትህ በፊት ግን ወንጀለኛውን ለይ። እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ የራሴ መኪና እንዲሁ ነከሰችብኝ። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ፒስተኑን አውጥቼ አጠብኩ፤ ሁለት ጊዜ ጎሚኒ ቀየርኩ። በሠራሁበት ቀን ደህና ትሆናለች፤ በማግስቱ ባቢሌ ሳልደርስ ትነክሳለች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ቱቦውንስ ጠይቀኸዋል?» አሉኝ። የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ አብጦና ተልጦ ኖሯል። እግሬ ሲገፋው ዘይቱን ያሳልፋል፤ ስለቅ ግን አይመልስም። በሰባት ቀን ያላገኘሁትን እሳቸው በአንድ ጥያቄ አገኙት።

ስለዚህ መኪናዋ ነክሳ ሳለች እግሩን አንስተህ በእጅህ ለማዞር ሞክር። ካልዞረ በካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ፍታት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ እግሩ ወዲያው ከላላ፣ ካሊፐሩ ንጹሕ ነው፤ ዘይቱን አፍኖ የያዘ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ነው። ብሎኗን ፈትተህም እግሩ እንደነከሰ ከቆየ ጥፋቱ የፒስተኑ ወይም የፒኖቹ ነው። እነዚህን ደግሞ ሸራዎቹ ይለዩልሃል። የውስጡ ሸራ እጅግ አልቆ የውጭው ካልተነካ፣ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ መንሸራተት አቁሟል። ሁለቱም እኩል አልቀው ከግራው እግር ሸራዎች ግን በጣም ካነሱ፣ ፒስተኑን ወይም ቱቦውን ጠርጥር። አራቱም እግር አንድ ላይ ከነከሱ ካሊፐር አትፍታ፤ ነገሩ ዘይቱን ወደሚገፋው ማስተር ሲሊንደርና ወደ ፔዳሉ ይወስድሃል።

ቦታ ምረጥ። ጀጎል ውስጥ እንደማይሆን ታውቃለህ፤ አምስቱ የጥንት በሮች የተሠሩት ለሰውና ለጭነት ከብት ነው፤ ለመኪና ታስባ የተከፈተችው ኋላ የመጣችው የሐረር በር ናት። ከግንቡ ውጭም ቢሆን ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ደልዳላና ጠንካራ መሬት እስክታገኝ ፈልግ። በጠዋት ጀምር። ከምሳ በኋላ እጀምራለሁ ካልክ በርጫው ይጠራሃል፤ ከዚያ ሲመሽ በስልክ መብራት ፍሬን ልትገጥም ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ ፍሬን ግን አይለቀምም።

የጎማውን ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ ሳለ አላላ። የኋላ እግሮቹን በድንጋይ ከፊትና ከኋላ ደግፍ፤ ከዚያ በክሪክ አንሳ። ክሪክ የሚያነሳ እንጂ ይዞ የሚያቆይ ዕቃ አይደለም፤ ካነሳህ በኋላ የብረት መደገፊያ ከሻሲው ሥር አስገባ። በሰፈራችን ብሎኬት የሚደግፉ ልጆች አያለሁ። ልጄ፣ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲደቅ አያስጠነቅቅም። የወለቀውን ጎማ ደግሞ ከመኪናው ሥር አጋድመው፤ ሁሉም ነገር ቢከዳህ እሱ ይቀበልሃል።

የፍሬን ብናኝ አትንፋ፤ በአፍህም በኮምፕሬሰርም። የድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚጎዳ ነገር ነው። ውሃ አርከፍክፈህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፤ ጨርቁን በፌስታል አስረህ ጣለው።

ብሎኖቹን ስትፈታ ራሳቸውን በሁለት ጎን ብቻ በሚይዝ ክፍት ቁልፍ አትሞክር፤ ዙሪያውን የሚጨብጥ ተጠቀም። የካሊፐሩ ብሎኖች በአሮጌ ኮሮላ ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 14 ቁጥር ናቸው። የአየር ማስወጫዋን ግን እንደ እንቁላል ያዛት፤ ከዛገች በጉልበት አትፈታም፣ ትሰበራለች። ከዋዜማው ጀምረህ ሥሯን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት እየነካካህ አሳድራት። ካሊፐሩ ሲወጣልህ በቱቦው አታንጠልጥለው፤ በሽቦ ከሞላው ጋር እሰረው።

ፒስተኑን ለማውጣት ከሁሉ የሚሻለው የመኪናው ራሱ ፔዳል ነው። ቱቦውን ሳትፈታ፣ በካሊፐሩ መንጋጋ መካከል ቁራጭ እንጨት አስገባ፤ ረዳትህ ፔዳሉን በቀስታ ይርገጥ። ፒስተኑ ሚሊሜትር በሚሊሜትር እየወጣ እንጨቱን ይነካል። ከዚያ ቱቦውን ፈትተህ ጫፉን ድፈን፤ የቀረውን በእጅህ ታወጣዋለህ። በጎሚስታው አየር የሚያወጡ አሉ፤ ፒስተኑ እንደ ጥይት ይወረወራል፣ ጣትም ይቆርጣል። አንተ አታድርገው። በፔዳልም አልወጣ ካለ ትግሉን ተውና ሌላ ካሊፐር ፈልግ፤ በፒንሳ የተነከሰ ፒስተን ለምንም አይሆንም።

ከወጣ በኋላ ጠርገህ ወደ ብርሃን አውጣው። ጥፍርህን ከላይ ወደ ታች በለስላሳው ገጽ ላይ አስኪድበት። ጥፍርህ የተሰናከለባት ጉድጓድ ካለች፣ የምታክለው የመርፌ ጫፍ ቢሆንም፣ ፒስተኑ ይቀየራል። በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ ልታድነው አትሞክር፤ የላዩን ልባጥ ስትፍቀው ለዝገቱ በር ትከፍትለታለህ። ሲሊንደሩ ግን ይሻላል፤ ጎሚኒው የተቀመጠው በእሱ ግድግዳ በተቆፈረች ቦይ ውስጥ ስለሆነ የግድግዳው ቀላል ዝገት ይጸዳል። ዋናዋ ያቺ ቦይ ናት። በሥሯ የተጋገረው ዝገት አዲሱን ጎሚኒ ከታች ገፍቶ ፒስተኑ ላይ ያጣብቀዋል፤ ብዙ ሰው አዲስ ጎሚኒ ገጥሞ በሳምንቱ የሚነክስበት በዚህ ነው። ቦዩን በካቻቢቴ አትጫረው። የጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፉን ሹል አድርገህ ዙሪያውን ፋቅበት። እንጨት ዝገቱን ያነሳል፤ ብረቱን አይጭርም።

አሁን ከሁሉ በላይ የምለምንህ። የፍሬን ዕቃ በቤንዚን፣ በላምባ፣ በሞተር ዘይት አይታጠብም፤ አይቀባም። የፍሬን ጎሚኒ እነዚህን ሲነካ ያብጣል። ሲገጠም ደህና ይመስላል፤ ከቀናት በኋላ አብጦ ፒስተኑን አንቆ ይይዘዋል፤ በገዛ እጅህ ያመጣኸው ንክሻ ይሆናል። የምታጥበው በንጹሕ አልኮል ወይም በአዲስ የፍሬን ዘይት ነው። ስትገጥምም ጎሚኒውንና ፒስተኑን በአዲስ የፍሬን ዘይት አርስ። ጎሚኒው በቦዩ ውስጥ ሳይጠመዘዝ መቀመጡን በጣትህ ዙሪያውን ዳብሰህ አረጋግጥ። ፒስተኑን ቀጥ አድርገህ በሁለት አውራ ጣቶችህ ግፋው። ከተንጋደደ አውጥተህ እንደገና ጀምር፤ መዶሻ በዚህ ሥራ ላይ ቦታ የለውም።

ፒኖቹን እስኪያብረቀርቁ አጽዳ። የሚቀባቸው ሙቀት የሚችል፣ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ነው። ኩሽኔታ የሚቀባው ተራ ግራሶ የፒኖቹን ላስቲክ ያሳብጣል። ቀብተህ ስታስገባቸው በጣትህ ገፍተህ በጣትህ የምትመልሳቸው መሆን አለባቸው።

ዕቃውን ድሬዳዋ ካላገኘኸው ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚልክልህ ሰው ፈልግ። አሮጌውን ጎሚኒ ሳትጣል አዲሱን አጠገቡ አስቀምጥና ውፍረቱንና ስፋቱን አመሳክር። የፍሬን ዘይት ደግሞ ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት ውሃውን ጠጥቶ ነው የሚጠብቅህ። ዶት 5 የተባለው ሲሊኮን ነውና ከነዶት 3 እና ዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ሸራ ከቀየርክ የቀኙንና የግራውን አብረህ ቀይር፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ሲቆም መሪውን ይነጥቅሃል።

ሁለቱንም ካሊፐር አብረህ ካወረድክ ቀኙን ከግራው እንዳትለዋውጥ። ሁለቱም መግጠሙን ይገጥማሉ፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ከተለዋወጡ የአየር ማስወጫዋ ወደ ታች ትሆናለች፤ አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ከዚያ ሁለት ሊትር ዘይት ብታሳልፍም ፔዳሉ እንደ ሊጥ ይለሰልስብሃል። ስትገጥም ማስወጫዋ ከላይ መሆኗን እይ። ቱቦውን ስታስር የመዳብ ቀለበቶቹ አዲስ ይሁኑ።

አየር ለማስወጣት እህትህን ጥራት። ቀጭን ላስቲክ ከማስወጫዋ ላይ ሰክተህ ጫፉን ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት የውሃ ጠርሙስ ውስጥ አጥልቅ። ሦስት ቃል ተስማሙ፤ «ጫኚ»፣ «ያዢ»፣ «ልቀቂ»። ስትጭን አንተ ትከፍታለህ፤ ዘይቱና አረፋው ይወጣል፤ እሷ እግሯን ሳታነሳ አንተ ትዘጋለህ፤ ከዘጋህ በኋላ ብቻ «ልቀቂ» ትላለህ። አንተ ሳትዘጋ ከለቀቀች አየሩን መልሳ ትስበዋለች። እዚህም ነገሩ ያው ነው፤ የሚያበላሸው መርገጡ ሳይሆን መልቀቁ ነው። የማስተሩ ዘይት እንዳያልቅ በየአራት አምስት ጊዜው ጨምር። የወጣውን ዘይት መልሰህ አትጠቀምበት። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠበው፤ ቀለሙን ይልጠዋል። የአንዱ እግር ዘይት ጠቁሮ ከወጣ የሦስቱም እንዲሁ ነውና አብረህ ቀይረው።

የት ላይ ማቆም እንዳለብህም እወቅ። ማስወጫዋ ከተሰበረች፣ የብሎን ጥርስ ከተበላ፣ ብረት ቱቦው ዝጎ ከተሰነጠቀ፣ ወይም አየሩን ሁሉ አውጥተህ ፔዳሉ አልጠና ካለ፣ እጅህን ታጠብና መካኒክ ጥራ። መኪናውን ነድተህ አትሂድ፤ መካኒኩ ወደ አንተ ይምጣ። በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ ካሊፐሩ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተጋጠመ ነው፤ እነዚያን ብሎኖች እቤት አትፍታ። የእጅ ፍሬን ያለበት የኋላ ካሊፐር ካጋጠመህም ፒስተኑ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው እንጂ ተገፍቶ አይገባም፤ በጉልበት ብትጫነው ውስጡን ትሰብረዋለህ።

ሥራው ሲያልቅ ሞተር ከመቀስቀስህ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለተቀመጠ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው። ይህን ረስቶ ከግቢው ሲወጣ በሩን የገጨ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልነግርህም፣ ከእናንተ ቤት ሩቅ አይደለም። ፔዳሉ ሲጠና እግሩን በእጅህ አዙረው፤ እህትህ ትርገጥ፣ ይያዝ፤ ትልቀቅ፣ ይዙር። ይህን አሥር ጊዜ አድርጉ። ከዚያ ጎማውን መልሰህ ዳዶዎቹን በመስቀል አጥብቅ፤ ማለትም አንዱን ስታጠብቅ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን። ወደ መሬት ካወረድክ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው። በደልዳላ መንገድ ቀስ ብለህ ነድተህ ደጋግመህ ቁም። ዞረህ ስትመጣ ሥሩ ዘይት ማንጠባጠብ አለመጀመሩን እይ።

ደንገጎን በዚያው ቀን አትሞክር። ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ንዳ፤ በየማታው ማስተሩን ክፈትና የዘይቱ ደረጃ አለመውረዱን ተመልከት። አሮጌው ፒስተን ደግሞ ወደ ቆሻሻ አይሂድ፤ ከዕቃህ ሳጥን ውስጥ አኑረው። ነገ የሰፈር ልጅ «ምን ሆኖ ነው የሚነክሰው?» ብሎ ሲጠይቅህ አታስረዳው፤ ጥፍሩን በላዩ አስኪድለት።

ከዚያ በአንድ ጠዋት ወደ ድሬ ውረድ። ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ዳር ይዘህ ቁም። ውረድና የእጅህን ጀርባ ለእያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ፤ አትንካው፣ አስጠጋው ብቻ። ከፊት ቀኝና ግራ፣ ከኋላም ቀኝና ግራ። የቀኙ ከበለጠ ዙርና በቀስታ ወደ እኔ ተመለስ፤ ሌላ ያላየነው ነገር አለ። እኩል ለብ ካሉ ግን ማርሽህን ዝቅ አድርግ፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ነው ቁልቁለቱን የምትወርደው። ስትረግጥ ረገጥ አድርገህ ልቀቅ፤ እግርህን ፔዳሉ ላይ አታሳርፍ።

ድሬ ስትደርስ ደውልልኝ።